ለውሎ የተሰጠ ሜዳይ ከቶ አይናቅም

ስለ ጦር ሜዳ ሽልማት በተነሣ ቁጥር «ለሁሉም የታደለ ሜዳይ ማንንም አያከብርም» የሚል አባባል ይደመጣል። ይህ አስተሳሰብ ጀግንነትንና አገልግሎትን በአንድ ሚዛን ከመመዘን የመነጨ በመሆኑ ሊታረም ይገባዋል።

የቃኘው ሻለቆች ዘማቾች የተሸለሙትን የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳይ እንመልከት። ሜዳዩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1950 በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ነው። የሚሸፍነው ዘመን እ.ኤ.አ. ከጁን 27 ቀን 1950 እስከ ጁላይ 27 ቀን 1954 ሲሆን፣ ከተኩስ አቁሙ ስምምነት በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ያገለገለውንም አይረሳም። መለኪያው «ምን ጀብዱ ሠራህ?» ሳይሆን «በዚያ ነበርህን?» የሚል ነው።

ነቃፊዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የጀግንነት ኒሻን ምስክር ይሻል፤ አዛዥ አይቶ ካልጻፈ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1953 በፖርክ ቾፕ ኮረብታ ግንባር በሌሊት ቅኝት ላይ ለወደቀ ወታደር ጨለማው ምን ምስክርነት ይሰጥለታል? በኮርያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ተሠውተዋል። የሁሉም ውሎ በአዛዥ ዓይን ሥር አልነበረም። ምስክር ላጣ ጀግና የቀረው ክብር የአገልግሎት ሜዳዩ ብቻ ነው።

ስለ ቅርጹም «ደረቅ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። በእርግጥ በነሐሱ ፊት ላይ ከድርጅቱ ዓርማ በቀር ተራራም ወታደርም አይታይም። ጥብጣቡም 17 ሰማያዊና ነጭ ሰንበሮች ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ የብዙ አገሮች ጦር በጋራ የሚያጠልቀው ሜዳይ የአንዱን መልክ ብቻ ሊስል አይችልም። ይልቁንስ ጀርባው ይገለበጥ! አገልግሎቱ ለቻርተሩ መርሆዎች መከበር መዋሉን የሚናገረው ጽሑፍ ለኢትዮጵያውያን የተቀረጸው በአማርኛ ነው። ወታደሩ የተመሰገነው በገዛ ፊደሉ ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ጌጥ ይፈለጋል?

እውነተኛው ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ካናዳ በሜዳዩ ጠርዝ ላይ የእያንዳንዱን ዘማች ስም አስቀርጻለች። ስም የሌለው ሜዳይ ግን ከባለቤቱ ሞት በኋላ በሰብሳቢዎች ገበያ የሚቸበቸብ ተራ ነሐስ ይሆናል። ስለዚህ መምህሩ በየወረዳው የዘማቾችን ስም ከነሜዳያቸው ይመዝግብ፤ ሠዓሊውና ቀራጺውም ይህን ሥራ ፈር ያስይዙ። ለሁሉም መታደሉ ሜዳዩን አላረከሰውም፤ የሚያረክሰው የእኛ ቸልተኝነት ነው።