ላልታጠብንበት ውሃ አንክፈል



የመብራት ሂሳብ በመጣ ቁጥር በየግቢው ጭቅጭቅ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ የጭቅጭቁ መነሻ ቦይለር ነው። አከራይ «ተከራዮቼ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያሞቁ ይውላሉ» ይላል፤ ተከራይም «በሳምንት ሁለቴ ታጥበን የሌላውን ዕዳ እንከፍላለን» ይላል። ቆጣሪው ግን ማንንም አይለይም፤ ያለፈበትን ኮረንቲ ይቆጥራል እንጂ።

ነገሩ ዛሬ የከበደው ያለምክንያት አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ታሪፉም በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ብዙ የተጠቀመ ሰው እያንዳንዱን ኪሎዋት ሰዓት በውድ ይከፍላል። እንግዲህ አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። አንድ አምፖልና አንድ ራዲዮ ብቻ ያላት እናት በሌላው ሰው ቦይለር ምክንያት በውድ ዋጋ ትከፍላለች ማለት ነው። ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ጉዳይ ነው።

ሒሳቡን እንየው። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 1,500 ዋት የሆነ ቦይለር ይህን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ያንኑ ውሃ እስከ 75 ዲግሪ ካሞቅነው ግን ፍጆታው ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል። በ75 ዲግሪ ውሃ ደግሞ ማንም አይታጠብም፤ ቀዝቃዛ ቀላቅለን ነው የምንታጠበው።

«አጥፍቶ እንደገና ከማሞቅ እንደተለኮሰ ቢውል ይሻላል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ትክክል አይደለም። ከእሳት የወረደ ጀበና መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይበርዳል፤ ለብ ካለ በኋላ ግን ቀስ ይላል። ቦይለርም እንደዚሁ ነው፤ በጣም በሞቀ መጠን ሙቀቱን ለአየር ቶሎ ይሰጣል። ሲለኮስ የሚውል ቦይለር ማንም ሳይታጠብበት በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ቢያባክን እንኳ በወር 30 ይሆናል። ይህም ከመጀመሪያው እርከን ከግማሽ በላይ ነው።

ስለዚህ በየቤታችን ይህን እናድርግ፤

1ኛ. ቦይለሩን ከመታጠባችን ሁለት ሰዓት ገደማ በፊት ማብራት፣ ሲሞቅ ማጥፋት። አንዱ ሲታጠብ ሌላውም ተከታትሎ ይታጠብ።

2ኛ. የሙቀት መቆጣጠሪያውን 60 ዲግሪ ላይ ማድረግ። ከዚያ በጣም ዝቅ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ለብ ብሎ በቆመ ውሃ ውስጥ ለሳንባ የሚያሰጋ ጀርም ሊራባ ይችላል።

3ኛ. ሙቅ ውሃ የሚያልፍበትን ቧንቧ፣ በተለይ በውጭ ግድግዳ የሚሄደውን፣ በስፖንጅ ሸፍኖ ማሰር። የኮረንቲ ሽቦው ያለበት ቦታ ግን አይሸፈን።

4ኛ. የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎሚኒውን መለወጥ። የሚንጠባጠበው ሙቅ ውሃ ከሆነ ውሃም መብራትም አብሮ እየፈሰሰ ነው።

5ኛ. በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት በቦይለሩም ውስጥ አለ። ማሞቂያውን ሸፍኖ ያዘገየዋል፣ በመጨረሻም ያቃጥለዋል። በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይጠረግ።

ከቁጠባ በፊት ግን ሕይወት ይቀድማል። ኧርዝ የሌለው ቦይለር ሰው ይገድላል። ሲነካ የሚነዝር ቧንቧ ካለ ወዲያው ከብሬከሩ ይጥፋና ባለሙያ ይጠራ። ሴፍቲ ቫልቩ ውሃው ሲሞቅ ጠብ ጠብ ቢል አትድፈኑት፤ ሥራው ነው፤ ከተደፈነ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ውሃ ሲጠፋም ቦይለሩን አጥፉ፤ በባዶው ከጋለ ይቃጠላል።

ቦይለር የሌለንም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደለንም። በምድጃ ውሃ ስናሞቅ ድስቱን እንክደን፣ የሚበቃንን ያህል ብቻ እንጣድ። የሞጆ ፀሐይ ደግሞ በነፃ ነው፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ በርሜል ፀሐይ ላይ ከዋለ ማታ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። አቅም ያለው የፀሐይ ቦይለር ቢያስገባ ደግሞ ይበልጥ ይጠቀማል።

ከመንደራችን አልፈን ስናይም ነገሩ ያው ነው። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ነው። ጎረቤታችን የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ 43 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ትልቅ ሥራ ነበር። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ የቱንም ያህል ቢያመነጭ ግን ወደ ቤታችን የሚደርሰው በሠፈራችን ትራንስፎርመር በኩል ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ምጣዱንም ቦይለሩንም አንድ ላይ ከለኮሰ ትራንስፎርመሩ አይችልም፤ ያኔ የምንጨልመው ሁላችንም ነን። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ቦይለር ቀድሞ አይለኮስ።

አንድ ቆጣሪ የምትጋሩ አባሎቻችን ሆይ፤ ሂሳብ እስኪመጣ አትጠብቁ። ቡና ሲፈላ ሰብሰብ በሉና ቦይለሩ በስንት ሰዓት እንደሚበራ ተስማሙ። ከተቻለ ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ አስገቡ፤ ካልተቻለ ቦይለር ያለው ድርሻውን ከፍ አድርጎ ይክፈል። የኮረንቲ ሙያ ያላችሁ ወጣቶችም የአቅመ ደካሞችን ቤት እየዞራችሁ ኧርዙንና መቆጣጠሪያውን እንድታዩላቸው አደራ እንላለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ በጥቂት ብር ስፖንጅና ጎሚኒ የሚድነውን ነገር ለጠብ አናድርሰው።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ሞጆ