ቤት ከመግዛት በፊት መሬቱን መጠየቅ



የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ሦስት ሆኖ በተገናኘ ቁጥር ከኑሮ ውድነት ቀጥሎ የሚያነሣው ነገር የቤት ነገር ነው። እኛም መምህራን ከዚህ ጭውውት የተለየን አይደለንም። አንዱ «ዓለም ገና ሂድ» ይላል፤ ሌላው ሰበታን ወይም ቡራዩን ያመሰግናል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ከከተማው ሳልወጣ በቆሼ አካባቢ በርካሽ የሚሸጥ ቤት አለ ይሉኛል» ይላል። ሁሉም ስለ ዋጋውና ስለ መንገዱ አጥብቆ ይጠይቃል። መሬቱ ትናንት ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው።

በትንሽ ከተማ ቤት ገዝቶ አዲስ አበባ እየተመላለሱ መሥራት የሚነቀፍ አይደለም። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ግቢው ሰፋ ይላል፤ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ይገባል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማታም አንድ ሰዓት ተኩል በመንገድ ላይ የሚያሳልፍ ሠራተኛ በወር ውስጥ 22 ቀን ቢሠራ 66 ሰዓት ያጠፋል። ይህም ከስምንት የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው። ፐብሊክ ሰርቪሱ በሰፈሩ ቢያልፍለት ኪሱ ይድናል፤ ሰዓቱ ግን አይመለስለትም። ይህን ድካም የሚፈራ ሰው ነው እንግዲህ ርካሹንና ቅርቡን ቤት ፍለጋ ወደ ቆሼ ዘወር የሚለው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የቆሼን ነገር ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ቦታ ዛሬ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በቤት ተከቦ ይገኛል። ቀድሞ ግን ከከተማው ዳር የነበረ ገጠር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ሚሲዮናውያን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትን፣ ኋላም በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራውን ሥፍራ በዚያው አቅራቢያ ያቋቋሙት ሕሙማኑ ከከተማው ራቅ እንዲሉ በመፈለጉ ነበር። አለርት የሚባለው ድርጅትም በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው ነው። ከዚሁ ዘመን ብዙም ሳይርቅ፣ በ1956 ዓ.ም. ገደማ፣ የከተማው ቆሻሻ በረጲ ሜዳ ላይ መደፋት ጀመረ። ስሙም ከዚያው ከቆሻሻው የወጣ ነው። እንዲህ እያለ ከተማው ሊያየው የማይፈልገውን ሁሉ፣ በፊት ሕመምተኛውን ኋላም ጥራጊውን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ሰደደ።

ነገር ግን ከተማ ባለበት የሚቆም ነገር አይደለም። የትናንቱ ዳር የዛሬው መሐል ሆነና ቤቶች ወደ ቆሻሻው ተጠጉ። ወደ 36 ሄክታር በሚሆነው ቦታ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር የኖረው ጥራጊ ኮረብታ ሆነ። ከሥሩ ፍሳሹን የሚይዝ ንጣፍ አልተዘረጋለትም። በየጊዜው እየተደለደለና አፈር እየለበሰ የተሠራ ክምርም አልነበረም። እንዲህ ያለ ክምር ዝናቡን ይመጣል፤ በውስጡ የሚበሰብሰው ነገር የሚቃጠል ጋዝ ያወጣል፤ ጎኑም ገደል ሲሆን አንድ ቀን መንሸራተቱ አይቀርም።

ያም ቀን መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን የጭቃ ቤቶችና የላስቲክ መጠለያዎች ከነነዋሪዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ።

በዚያን ጊዜ «ማን እዚያ ኑሩ አላቸው?» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም አሉ። ለእነዚህ የምመልሰው አለኝ። የቆሼ ሰዎች በቆሻሻው አጠገብ የኖሩት ሽታው ደስ ብሏቸው አይደለም። ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት ከክምሩ ላይ ፕላስቲክና ቁርጥራጭ ብረት ለቅመው በመሸጥ ነበር። ሌሎቹም በዚያ የሠፈሩት የኪራዩ ዋጋ ከገቢያቸው ጋር የተመጣጠነው እዚያ ብቻ ስለ ሆነ ነው። እኛ ደመወዝተኞች ዓለም ገናን ከቦሌ የምንመርጠው በምን ምክንያት ነው? በዚሁ በገንዘብ ማነስ ምክንያት አይደለምን? እንግዲያስ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ መጠን እንጂ የአእምሮ መጠን አይደለም። ሰው የሚኖረው አቅሙ በፈቀደለት ቦታ ነው። የአደጋውን ቦታ ለይቶ የመከልከልና ሌላ ማረፊያ የማሳየት ኃላፊነት ግን የባለ ሥልጣን ነው።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። በሰንዳፋ የሆነውም ይኸው ነው። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደዚያ ወደ ተዘጋጀው አዲስ ማስወገጃ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን መሬታችንና ውሃችን ተበላሸ ብለው ስለ ተቃወሙ በዚያው ዓመት ሥራው ቆመና የቆሻሻው መኪና ወደ ቆሼ ተመለሰ። ክምሩ የተናደውም በዓመቱ ውስጥ ነው። በገበሬው አልፈርድም፤ ከደጃፉ ቆሻሻ ሲደፋበት ዝም የሚል ሰው የለም። የሚያሳዝነው ነዋሪውን አስቀድሞ ሳያማክሩ መጀመር ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ በረጲ ተመረቀ። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ፋብሪካ ስለ ተተከለ ያ የቆየ ክምር ቤት የሚሠራበት መሬት ይሆናል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። የተቀበረ ጥራጊ ለብዙ ዓመታት እየሰጠመና ጋዝ እያወጣ ይኖራል።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 በማኒላ አካባቢ በፓያታስ፣ በ2017ም ከቆሼው አደጋ አንድ ወር በኋላ በኮሎምቦ እንዲህ ያለው ክምር ተንዶ ብዙ ሰው ጨርሷል። ሀብታሟ አሜሪካም አላመለጠችም። በኒያጋራ ፎልስ ከተማ ላቭ ካናል በሚባለው ሥፍራ አንድ ኩባንያ የኬሚካል ዝቃጭ ቀበረና በ1953 መሬቱን በአንድ ዶላር ለትምህርት አስተዳደር አስተላለፈ። ኬሚካል መቀበሩ በውሉ ላይ ተጽፏል። ነገር ግን በዙሪያው ቤት የገዙት ቤተ ሰቦች ዘንድ አልደረሰም። በ1978 መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አውጆ ነዋሪዎቹን ማስወጣት ግድ ሆነበት። ከዚህ የምንማረው በመዝገብ የተጻፈ ነገር ገዢው ካላየው እንዳልተጻፈ መቆጠሩን ነው።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ቤት ገዢው የይዞታ ካርታውን ብቻ አይቶ አይርካ። እኔ ያየኋቸው ካርታዎች ስፋቱንና ወሰኑን ይናገራሉ፤ መሬቱ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ግን አይናገሩም። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ይጠይቅ፤ በክረምት ወርዶ ውሃው በየት እንደሚያልፍ ይይ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ይመልከት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለቤት ገዢም ይሠራል።

ሁለተኛ፤ ቆሻሻ የተደፋበት፣ ድንጋይ የተፈለጠበትና ጎርፍ የሚያጥለቀልቀው መሬት ሁሉ በካርታውና በሽያጭ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። «ይህ ከተደረገ የሰፈራችን ቤት ዋጋ ይወድቃል» የሚል ባለ ቤት ይኖራል። ጭንቀቱ ይገባኛል፤ የቤቱ ግምት ያለ ጥፋቱ ሲወርድበት ካሣ ይገባዋል እላለሁ። ነገር ግን የአንዱን ዋጋ ለመጠበቅ ሲባል የሌላው ልጆች አደጋ ላይ ሊጣሉ አይገባም።

ሦስተኛ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ከተሞች ዛሬውኑ ከቆሼ ይማሩ። ዛሬ «ሜዳ ነው፣ ማንም የለበትም» ብለው ጥራጊያቸውን የሚደፉበት ቦታ ከ20 ዓመት በኋላ የሰው ሰፈር ነው። ቤት ከመመራቱ በፊት የቆሻሻው ቦታ ይወሰን፤ በዙሪያውም ቤት የማይሠራበት ርቀት ተለክቶ ይከለል።

በክፍል ውስጥ ለልጆች ስለ አፈርና ስለ ውሃ ስናስተምር ምድር የጣሉባትን አትረሳም እንላቸዋለን። ልጆቹ ይህን ተምረው ወደ ቤት ሲመለሱ የሚያድሩበት ቤት የተሠራው በምን ላይ እንደ ሆነ ወላጆቻቸው የማወቅ መብት ሊኖራቸው ይገባል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከኮልፌ ቀራንዮ