በእንቅርት ላይ መርፌ

ያ የዓሣ ጥያቄ ይብቃን! ሲቲ ስካን ክፍል ደጃፍ ላይ አንድ ወጣት ባለሙያ፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ለጠመጠሙ የደባርቅ እናት ከቅጽ ላይ ሲያነብ ሰማሁ። «ማዘር፣ ዓሣ ሲበሉ ያሳክክዎታል?» «ዓሣ? ከየት አምጥቼ ልጄ!» አሉ እየሳቁ። ምልክት አደረገ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ አስፈረማቸው። ከነጠላው ሥር ገፍቶ የወጣውን እንቅርት እኔ ከኮሪደሩ ማዶ ሆኜ አይቼዋለሁ። እሱ አላየውም፤ ወይም ቅጹ ስላልጠየቀው ዝም አለ።

የዓሣ አለርጂ መነሻው የዓሣው ፕሮቲን እንጂ አዮዲን አይደለም፤ ለሲቲ ስካን ከሚሰጠው አዮዲናማ መርፌ ጋር ዝምድና የለውም። እንቅርት ግን አለው፤ ያውም የቅርብ!

ሒሳቡን እንሥራው። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 30 ግራም ያህል ይገኛል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው 150 ማይክሮ ግራም ነው። አካፍሉት፤ ከ500 ዓመት በላይ የሚበቃ ቀለብ! የጎንደር ከተማ እንኳ ከተቆረቆረች 400 ዓመት አልሞላትም። እርግጥ አብዛኛው ከሞለኪውሉ ሳይላቀቅ በኩላሊት ይወጣል። ተላቅቆ የሚቀረው ጥቂቱ ግን ዘመኑን ሁሉ አዮዲን ተርቦ ላበጠ የታይሮይድ ዕጢ ድግስ ነው። የሰሜን ደጋ አፈር አዮዲኑን ጎርፍ ያጠበው አፈር ነው፤ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ የወጣውም በ2003 ዓ.ም. ነው። የእኚህ እናት እንቅርት ደንቡን ይቀድማል።

ያ ዕጢ፣ በተለይ ጓጉሎ ያበጠው፣ ሆርሞኑን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ይህ የሚመጣው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ፣ ደባርቅ ከተመለሱ ወዲያ ነው። ያኔ ማን ከመርፌው ጋር ያያይዘዋል? «ቡዳ በላቸው» ይባልና ጸበል ይወሰዳሉ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው!

መርፌው መርዝ ነው የሚለውን የቡና ወሬ አልደግፍም። አሁን በሚሠራበት ዓይነት ከባድ አለርጂ የሚገጥመው ከ10,000 ሰው 4ቱን ገደማ ነው፤ ለዚያም አድሬናሊን በቅርብ ይቀመጥ። ስለ አስም፣ ስለ ቀድሞ አለርጂና ስለ ኩላሊት መጠየቁም ተገቢ ነው። የኩላሊትን አሠራር የሚጠቁመውን ክሬያቲኒን ለመለካት ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ አንገት ለማየት ግን ምን ያስፈልጋል? ዓይን!

ቅጹን የምታዘጋጁ ኃላፊዎች፣ ዓሣውን ሰርዙና እንቅርቱን ጻፉ። እናንተም እናታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ነጠላውን ገለጥ አድርጋችሁ ለባለሙያው አሳዩት። ምርመራው ይቅር አትበሉ፤ «ከወር በኋላ የታይሮይድ ምርመራ ይታዘዝልን» በሉ፤ ትእዛዙንም በጽሑፍ ተቀበሉ።