ስፒከር ከመቀየራችን በፊት የሽማግሌዎቻችንን ጆሮ እናስብ



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቤት ሲኒማ ስፒከር ነው። «ማኅበራዊ ሠራተኛ ስለ ስፒከር ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። በሁለት ነገር ያገባናል። አንደኛ፣ የቤተሰብ ወጪና ገቢ ይዘን ስንቀመጥ በየወሩ ከሚቆረጠው መካከል የቴሌቪዥንና የድምፅ መሣሪያ ታሽሉሚም እናገኛለን። ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት ሳሎን የተቀመጡት አባትና እናት ቴሌቪዥኑ የሚለውን አይሰሙም። «ጩኸቱ በዛ፣ ቃሉ ግን አይገባኝም» ይላሉ፤ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤታቸው ይገባሉ።

ሐሳባችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ስፒከር ማሻሻል ጥፋት አይደለም። ሠርቶ የደከመ ሰው በቤቱ ጥሩ ፊልም በጥሩ ድምፅ ማየቱ ደስ ይላል። መለኪያው ግን ግድግዳው ምን ያህል ተንቀጠቀጠ መሆን የለበትም። መለኪያው ሳሎን የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሚነገረውን ሰማ ወይ ነው። በዚህ ከለካነው ብዙ ጊዜ መለወጥ ያለበት አንድ ስፒከር ነው እንጂ ስድስቱም አይደሉም።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። 5.1 የሚባለው ሲስተም አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር አለው፦ ከፊት ግራ፣ መሃልና ቀኝ፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት፣ ከዚያ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ሳብዉፈር። ፊልም ላይ የሰው ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው ከመሃለኛው ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ከምትቀመጠው። የኋላዎቹ ዝናብና የመኪና ድምፅ ያመጣሉ፣ ሳብዉፈሩ ፍንዳታውን ያመጣል። ቃሉን የምታመጣው ግን ያቺ የመሃሏ ናት። በርካሽ ስብስብ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሿና ደካማዋ እሷው ነች።

የእኛ ሳሎን ለዚህ የተለየ ምክንያት አለው። ፊልም ወዳዱ ብቻውን ሶፋው መሃል ቁጭ ብሎ አያይም። ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ሁሉ ይቀመጣል። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ስፒከሮች ድምፁ ከመሃል የመጣ የሚያስመስሉት ትክክል መካከል ለተቀመጠ ሰው ነው። ወደ ዳር የተቀመጠው ሰው ለእሱ የቀረበውን ብቻ ይሰማል። መሃለኛው ስፒከር ጥሩ ሲሆን ከዳር ያለውም ሰው ንግግሩን ከስክሪኑ ይሰማዋል።

ጆሮን ራሱን ደግሞ እንመልከት። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ችሎታ ነው። ቃልን ከቃል የሚለዩት ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ጠ የመሳሰሉት ድምፆች በአብዛኛው እዚያ ቀጭኑ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አባባ «ሰፋ» እና «ጠፋ» ይምታታባቸዋል። ሳብዉፈሩን ብትጨምሩላቸው ያባብሰዋል እንጂ አይረዳቸውም፤ ወፍራሙ ድምፅ ቀጭኑን ይሸፍነዋልና። ትልቅ ሳብዉፈር ገዝቶ «አሁን ይሰማሉ» ማለት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አሁን ወደ ማመሳሰሉ እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። ሻጭ ቅናሽ አለ ብሎ ሁለት ትልልቅ ቋሚ ስፒከሮች ይሸጣል። ሰውዬው ወደ ቤት ወስዶ ግራና ቀኝ ያቆማቸዋል፣ መሃሉ ላይ የድሮዋ ትቀራለች። ከዚያ ፊልሙ ላይ አንድ ሰው እያወራ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ድምፁ ይቀያየራል፤ ግራው ላይ ደረቱ የሞላ ሰው ነበር፣ መሃል ሲደርስ በስልክ የሚያወራ ይመስላል። ይህ የኃይል ጉዳይ አይደለም። እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ የድምፅ ቀለም ስላለው ነው፤ ልክ አንድ ዜማ በማሲንቆና በክራር ሲወጣ እንደሚለየው። ከፊት ያሉት ሦስቱ አንድ ቀለም ሊኖራቸው ይገባል። ለዚህ የሚሻለው ሦስቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሲሪየስ መሆናቸው ነው። የፋብሪካው ስም አንድ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ፋብሪካ ርካሽም ውድም ሲሪየስ ያወጣል፣ ድምፃቸውም አይመሳሰልም።

የያዛችሁት ግራና ቀኝ ጥሩ ከሆኑ ከዚያው ሲሪየስ የመሃሏን ብቻ ፈልጉ። ማምረት ካቆሙ ሁለተኛ እጅ ይገኛል፤ ያድ ሽታይም ላይ በሞዴሉ ስም መፈለግ ነው። ካልተገኘ ሦስቱን የፊት በአንድ ላይ ቀይሩና የድሮዎቹን ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ውሰዷቸው። የኋላዎቹ በአብዛኛው የሚያወጡት የአካባቢ ድምፅ ስለሆነ ትንሽ ቢለያዩ ብዙ አይታወቅም። ሳብዉፈር ደግሞ ከነጭራሹ ከሌሎቹ ጋር አንድ ፋብሪካ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከ80 ኸርዝ በታች ነው፤ እዚያ ጆሯችን ድምፁ ከየት እንደመጣ ለይቶ አያውቅም። ያለው ደህና ከሆነ ተዉት።

ሣጥኑ ላይ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮችን ማንበብ ልመዱ። አንዱ ኦም ነው። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ስንት ኦም እንደሚፈቅድ ተጽፏል። ከ6 ጀምሮ የሚል ከሆነ 4 ኦም ስፒከር ብታስሩበት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ድምፁን ከፍ ስታደርጉ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ሌላው ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ነው፤ በ1 ዋት ኃይል፣ በ1 ሜትር ርቀት ስፒከሩ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይነግራል። በየ3 ዴሲቤሉ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ይሆናል። 86 የተጻፈበት ስፒከር 92 ከተጻፈበት እኩል ለመጮህ አራት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ «ይህ 200 ዋት ነው» የሚለው የሻጭ ወሬ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ዋቱ ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚችል እንጂ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይናገርም።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ግን በነጻ የሚሠራውን ሥሩ። መጀመሪያ ገመዱን እዩ፤ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ድምፁ ይሳሳል። ከሪሲቨሩ ጋር ማይክሮፎን መጥቶ ከነበረ ከሣጥኑ አውጡና ሰው በሚቀመጥበት ቦታ፣ በጆሮ ቁመት አድርጋችሁ ማስተካከያውን አስኪዱ። የየስፒከሩን ጩኸትና ርቀት ያመጣጥናል። የማይመሳሰሉ ስፒከሮችን አንድ ግን አያደርግም፤ ያን ተስፋ አታድርጉ። ከዚያ የመሃሏን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ጨምሩ። ማታ ማታ ናይት ሞድ የሚባለውን ክፈቱ፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል። የአማርኛ ፊልም ከዩቲዩብ ስታዩ ድምፁ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቻናል ነው የሚመጣው፤ ሪሲቨሩ «ስቴሪዮ» ላይ ከሆነ የመሃሏ ዝም ትላለች። «ዶልቢ ሰራውንድ» ወይም «ፕሮ ሎጂክ» የሚለውን ስትመርጡ ንግግሩን ወደ መሃል ያመጣዋል። የመሃሏ ስፒከር መደርደሪያ ውስጥ ገብታ ከሆነ እስከ ጫፍ አውጧት፣ ከጉልበት በታች ከሆነች ፊቷን ትንሽ ወደ ላይ ወደ ጆሮ አዙሩት።

ክፍሉንም አትርሱ። የእዚህ አገር ቤት ወለሉ ንጣፍ ድንጋይ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ ነው። ድምፅ ይነጥራል፣ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። ወፍራም መጋረጃና ከሶፋው ፊት የሚነጠፍ ምንጣፍ ከአዲስ ስፒከር የበለጠ ለውጥ የሚያመጡበት ቤት ብዙ ነው። ሳብዉፈሩን ጥግ ላይ ብታስቀምጡት ጩኸቱ ይጨምራል፣ በሲሚንቶው አልፎም ጎረቤት ቤት ይገባል። ከጥጉ ብታርቁትና ከሥሩ ጎማ ብታደርጉለት ከቫአድ ባይት ጋር መጨቃጨቅ ይቀራል። ደግሞ የአዛካ ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ መክፈት በዚህ አገር ቀልድ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር እንበል። «በወር 150 ሸቀል ብቻ» ሲሉን ቀላል ይመስላል። በ36 ታሽሉሚም 5,400 ሸቀል ነው፤ ስፒከሩን ከጠላነው በኋላም እንከፍለዋለን። ሱቅ ስትሄዱ ከነገራችሁ ሁሉ በፊት የምታውቁትን ፊልም አስከፍቱና አድምጡ፤ ከተቻለ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከሱቅ የገዛችሁትን በ14 ቀን መመለስ ትችላላችሁ፣ ግን ሕጉ ከኤሌክትሪክ ጋር ማገናኘቱን እንደ መጠቀም ስለሚቆጥረው ሳትሰኩት ነው። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃም መሰረዝ ይቻላል፤ ሻጩ የሚቆርጠው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። 65 ዓመት የሞላቸው፣ ከመጡ 5 ዓመት ያልሞላቸው ኦሊም ሐዳሺምና አካል ጉዳተኞች ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ፣ በስልክም ይሁን በጽሑፍ፣ 4 ወር አላቸው። አባባ በስልክ ተለምነው የገዙት ሲስተም ካለ ይህን አትርሱ።

«ለወጣቱ ደስታ አታስቡም ወይ?» የሚል ይኖራል። እናስባለን። ተመሳሳይ የሆኑ ሦስት የፊት ስፒከሮች ፊልም ለሚወድም ልጅ ከትልቅ ሳብዉፈር ይበልጡበታል፤ ንግግሩ ጥርት ሲል ፊልሙም ያምራል። ሽማግሌውም ልጁም የሚጠቀሙበት ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ለጩኸት እንከፍላለን?

በልጅነታችን የመጣን ሰዎች የባንኩን ደብዳቤና የሐኪሙን ቃል ለወላጆቻችን ስንተረጉም ነው ያደግነው። ያን ጊዜ የማይሰሙት ቋንቋው የባዕድ ስለሆነ ነበር። ዛሬ በገዛ ቋንቋቸው ዜና ሲነበብ፣ ድራማ ሲታይ፣ ከገዛ ልጃቸው ሳሎን ተነሥተው የሚሄዱ ከሆነ ምክንያቱ ስፒከርና ማስተካከያ ነው፤ ይህን ደግሞ ማቃናት እንችላለን። ሁሉን አስተካክላችሁም ካልሰሙ ኩፓት ሖሊም ውሰዷቸውና ጆሯቸው ይመርመር። «አርጅተዋል» ብሎ መተው አይገባም።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ዜናው ሲጀምር ሳሎን ዳር የተቀመጡትን እናት ወይም አባት «ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሳቸው ምን መግዛት እንዳለባችሁ፣ ወይም ምንም መግዛት እንደሌለባችሁ ይነግራችኋል። ያገኛችሁትን እዚህ ጻፉልን፤ የሪሲቨራችሁን ሞዴል ብትጨምሩ ከእኛ መካከል የሚያውቅ ሰው ይመልስላችኋል።

ሰላም ሁኑልን።