ሕዝብ እንኳ ስሙ ተጽፎለታል!

ለቡ «ሙዚቃ ሰፈር» የሚባል ሰፈር አለ። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የታክሲ ረዳት «ሙዚቃ! ሙዚቃ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ የሰማ እንግዳ ኮንሰርት ሊወስዱት የመጡ ሊመስለው ይችላል። ስለ ሰፈሩ ስም አወጣጥ ላወራችሁ አይደለም፤ «ውዝዋዜ ሰፈር» የሚባል ቦታ በዚህ ከተማ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ ልጠይቃችሁ ነው። እኔ አልሰማሁም።

ነገሩ የተነሳው ከፉል ነው። ባለፈው እሑድ ጀሞ ሚካኤል አካባቢ አንድ ቁርስ ቤት ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን እንደ ወጉ ክሊፕ በክሊፕ ላይ ይለቅቃል። በአንዱ ክሊፕ ላይ ዘፋኙ ቆሟል። ቆሟል ስላችሁ በእውነት ቆሟል፤ አንዴ እጁን ያነሳል፣ አንዴ መነጽሩን ያስተካክላል፣ አለቀ። ከኋላው ያሉት ስድስት ሴቶችና ስድስት ወንዶች ግን ትከሻቸው ሊገነጠል ደርሷል። በአራት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ከጎጃም ወሎ፣ ከወሎ ራያ፣ ከራያ ጉራጌ ደርሰው፣ አራት ጊዜ ልብስ ቀይረው ተመለሱ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው እነሱን ነው። አስተናጋጁ ሳይቀር ትሪውን እንደያዘ ትከሻውን ሞከር አደረገ።

ክሊፑ ሲያልቅ ስሞች መጡ። ግጥም፦ እገሌ። ዜማ፦ እገሌ እና የሕዝብ። ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ፣ ካሜራ፣ ሜካፕ፣ ድሮን (ድሮኑን ያበረረው ልጅ ስሙ ከነአባቱ አለ፤ ይገባዋል)። ልዩ ምስጋና ለሆቴሉ። ልዩ ምስጋና መኪናውን ላዋሰን ወንድማችን። የአሥራ ሁለቱ ልጆች ስም የለም። ልብ በሉልኝ፣ ሕዝብ እንኳ ስሙ ተጽፎለታል! ሰማንያ ምናምን ብሔር ብሔረሰብ በአንድ ቃል «የሕዝብ» ተብሎ ገብቷል። ዐሥራ ሁለት ላብ ያጠመቃቸው ልጆች ግን ቦታ ጠፋላቸው።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» የሚባለውን የሆሊውድ ሙዚቃዊ ፊልም ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ ያላየም ቢሆን ጂን ኬሊ በዝናብ ውስጥ ጃንጥላውን ይዞ የመብራት ምሰሶ ላይ ሲንጠለጠል ሳያይ አልቀረም። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ታሪኩ ስለ ምን መሰላችሁ? ድምፅ አልባው ፊልም ቀርቶ ድምፅ ያለው ሲመጣ፣ ድምጿ የማያምር ዝነኛ ተዋናይት ከመጋረጃ ጀርባ ሌላ ልጅ ታዘፍናለች። በመጨረሻ መጋረጃው ይሰበሰባል፣ እውነተኛዋ ዘፋኝ ትታያለች፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል። ፍትሕ ሰፈነ!

አሁን ደግሞ ከፊልሙ ውጭ ያለውን ስሙ። የዚያችን ባለ ድምፅ ልጅ ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ዴቢ ሬይኖልድስ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ ያለው ድምፅ የእሷ አይደለም፤ ቤቲ ኖይስ የምትባል ዘፋኝ ነው። የቤቲ ኖይስ ስም ፊልሙ ላይ የለም። ስለተደበቀች ዘፋኝ የሚያለቃቅስ ፊልም፣ ዘፋኝ ደብቆ ተሠራ! የጂን ኬሊ ረዳቶች የነበሩት፣ እርምጃውን አብረውት ያወጡትና ሌሎቹን ያለማመዱት ካሮል ሄኒና ጂን ኮይንም ስማቸው አልተጻፈም። ሬይኖልድስ ራሷ ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ዳንስ የተማረችም አልነበረችም። «ጉድ ሞርኒንግ» የተባለውን ትዕይንት ከጠዋት እስከ ሌሊት ቀርጻ ስትጨርስ እግሯ ደምቶ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ያንን ትዕይንት መለስ ብላችሁ እዩት። ደስ ደስ ይላል፣ ፈገግታ በፈገግታ ነው።

ማርኒ ኒክሰን ደግሞ አለች። እ.ኤ.አ. በ1961 በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለናታሊ ዉድ፣ በ1964 በ«ማይ ፌር ሌዲ» ለኦድሪ ሄፕበርን የዘፈነችው እሷ ናት። በሁለቱም ፊልሞች ላይ ስሟ አልወጣም። የ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የሙዚቃ ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ነገሩ አላምር ቢለው ከራሱ የሸክላ ሽያጭ ድርሻ ቆርሶ ሰጣት፤ ከአንድ በመቶ ያነሰች ቁራሽ ናት፣ ግን ቢያንስ አንድ ሰው አፍሯል። የዚሁ ፊልም ዳንሰኞች «ኩል» የተባለውን ትዕይንት ቀርጸው ሲጨርሱ የጉልበት መከላከያቸውን ሰብስበው አቃጠሉት ይባላል፤ እንዲህ ተንገፍግፈው ነበር።

የጀሞዋ ጎረቤቴ የምታቃጥለው መከላከያም አልነበራትም።

ይህቺ ልጅ የእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ተወዛዋዥ ናት። በሳምንት አራት ቀን ጎፋ አካባቢ በኪራይ አዳራሽ ልምምድ አላት፤ የታክሲውን ከኪሷ ትከፍላለች። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ክሊፕ ከከተማ ውጭ ወሰዷቸው። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በባዶ እግር፣ ድንጋያማ ሜዳ ላይ። «ብርሃኑ ሳያመልጠን!» እየተባለ አንዱ ትዕይንት ዐሥራ አራት ጊዜ ተደገመ። ዐሥራ አንደኛው ላይ ጉልበቷ ተጠመዘዘ። ዐሥራ ሁለተኛውን፣ ዐሥራ ሦስተኛውንና ዐሥራ አራተኛውን በዚያው ጉልበት ጨፈረች። ማታ የቀኑ ክፍያ በእጇ ተሰጣት፤ ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ሐኪም የለም። ወጌሻ ያሻት በእናቷ ገንዘብ ነው። ክሊፑ በዩቲዩብ ሚሊዮኖች አይተውታል። እናቷ ቴሌቪዥን ላይ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ትጠራለች፦ «ኑ፣ ኑ! ይቺውላችሁ! ከግራ ሦስተኛዋ!»

ይህን ሳነሳ የማይቀር መልስ አለ። «ተከፍሏታል አይደል እንዴ?» አዎ፣ ተከፍሏታል። ካሜራማኑስ አልተከፈለውም? ሜካፕ የሠራችውስ? ተከፍሏቸዋል፣ ስማቸውም አለ። ክፍያና ስም ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው፤ አንዱን ከፍሎ ሌላውን ተሰርዟል ማለት አይቻልም።

«ውዝዋዜው የሕዝብ ነው፣ የእነሱ ፈጠራ አይደለም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ያናድደኛል። እሺ፣ የሕዝብ ነው። ዜማውስ? አምባሰልና ትዝታ የማን ናቸው? ዘፋኙ ከሕዝብ የወሰደውን ዜማ በራሱ ስም አሳትሞ ሲሸጥ «ሕያው ቅርስ ጠባቂ» ይባላል፤ ተወዛዋዧ ከሕዝብ የወሰደችውን ትከሻ ይዛ ስትመጣ ራሷ ሕዝብ ውስጥ ትቀልጣለች። ደግሞስ የትኛው ባላገር ነው በአራት ደቂቃ ከጎጃም ጉራጌ የሚደርሰው? ያንን የመረጠ፣ ያሳጠረ፣ ያገጣጠመ፣ በሰልፍና በክብ ያዋቀረ ሰው አለ። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. ከተመረቀው ከዛሬው ብሔራዊ ትያትር መድረክ ጀምሮ ትውልድ እየተቀባበለ የሠራው ሥራ ነው። የሀንጋሪው ተመራማሪ ቲቦር ቫዳሲ የኢትዮጵያን ውዝዋዜዎች እየመረመረ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሀንጋሪያዊው የእያንዳንዱን እግር አነሳስ ሲመዘግብ እኛ የእግሩን ባለቤት ስም መጻፍ አቃተን።

እስቲ ወደ ቤታችን ትልቁ ትርኢት እንምጣ። «ሕዝብ ለሕዝብ»ን የማያውቅ የለም፤ ያኔ ያልተወለደውም በዩቲዩብ አይቶታል። በ1977ቱ ረሀብ እርዳታ ለላኩ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ ተብሎ በ1980 ዓ.ም. የኪነት ቡድኑ ወደ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ዞረ። ደርግ የራሱን ገጽታ ማሳመሪያም አድርጎት ነበር፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እናቴን «ሕዝብ ለሕዝብ ላይ እነማን ነበሩ?» አልኳት። ነዋይ ደበበ አለች፣ ማሪቱ ለገሰ አለች፣ ቀጠለች። «ተወዛዋዦቹስ?» ስላት ፊቷ በራ፤ ከዘፋኞቹ ይልቅ እነሱን ነው የምታስታውሰው። እንቅስቃሴያቸውን እያሳየች ትገልጻቸው ጀመር። «ያቺ ቀጭኗ፣ አንገቷን እንዲህ የምታደርገው። ያ ጎፈሬው፣ እየዘለለ የሚገባው።» ልብሳቸውን፣ አንገታቸውን፣ ሳቃቸውን ሠላሳ ምናምን ዓመት ይዛዋለች። ስማቸውን ግን ማንም ስላልነገራት አታውቀውም።

አስቡት፦ አዳራሹን የሞላው ፈረንጅ አማርኛም ትግርኛም ኦሮምኛም አይሰማም። ከማሪቱ አምባሰል ቅኔ አንዲት ቃል አልገባውም። የገባው ነገር ቢኖር ትከሻው ነው። «ረሀብተኛ» እየተባለች በቴሌቪዥን የታየች አገር ሰው ፊት ቀጥ ብሎ የቆመው ያ ትከሻ ነው።

ስማቸው የሚታወቅ ተወዛዋዦች የሉም ማለቴ አይደለም። መላኩ በላይ አለ፤ ካዛንችስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ውስጥ ለሽልማት እየጨፈረ፣ እዚያው እያደረ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ተረክቦ የባህል ማዕከል ያደረገው፤ ፈረንሳይ ሜዳይ የሰጠችው። ጁነይድ ጀማል ሰንዲ አለ፤ እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ላይ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ከጀመረው ሥራ ከበቀለው ከአዱኛ የዳንስ ቡድን ወጥቶ፣ በ2004 በሮሌክስ ፕሮግራም የጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ የተመረጠው። ሁለቱም የሚያኮሩ ናቸው። ግን አስተውሉ፦ ስማቸው ከፍ ብሎ የወጣው ከዘፋኝ ጀርባ ወጥተው የራሳቸውን መድረክ ሲይዙ ነው። ከዘፋኝ ጀርባ የቀረው ያው «ከግራ ሦስተኛ» ነው።

መንገዱ ደግሞ የተሰወረ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የክሊፕ ዳንሰኞች ለዓመታት ጮኸው ጮኸው እ.ኤ.አ. በ2012 በተዋንያን ማኅበራቸው በኩል የመጀመሪያውን የሙዚቃ ቪዲዮ ውል አስፈርመዋል፤ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ ዝቅተኛ ክፍያ የሚል ነገር መጣ። በዚያው ዓመት የተፈረመውና በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የቤጂንግ ስምምነት ተወዛዋዥን ከተዋናይና ከዘፋኝ እኩል ይቆጥረዋል፣ ስሜ ይጠቀስ የማለት መብትም ይሰጠዋል። እኛም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አለን። ስም ለመጻፍ ግን አዋጅም ዓለም አቀፍ ስምምነትም አያስፈልግም፤ ኪቦርድ ይበቃል። ዐሥራ ሁለት ስም ለመተየብ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሆቴሉን ከማመስገን አይከብድም።

ዘፋኞቻችን ሆይ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። ትናንት «አዝማሪ» ስድብ ነበር። አባቶቻችሁ ዘፋኝ ናቸው ተብለው ሚስት የተከለከሉበት አገር ነው። ያንን ንቀት ታግላችሁ «አርቲስት» የሚለውን ስም አስከበራችሁ፤ እሰየው። ታዲያ በሩን ካለፋችሁ በኋላ ከኋላችሁ ለምን ትዘጉታላችሁ? የጎረቤቴ እናት ዛሬም ሠርግ ቤት «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ስትባል «ቢሮ ናት» ትላለች። ልጅቷን ቴሌቪዥን ላይ ስታያት ጎረቤት የምትጠራው ይህችው እናት ናት።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። እናቷ ቡና እያፈላች ነበር፤ «ግባ ልጄ» አለችኝ። ለልጅቷ አነበብኩላት። ዐሥራ አራት ጊዜ የሚለው ጋ ሳቀች፣ «ዐሥራ አምስት ነው እንጂ፣ የመጨረሻው ቀርቶ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኩራት እንዲህ አልኳት፦ በሌላው ቦታ ባይጻፍም እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ ነው የማወጣው።

ፊቷ ተለወጠ። «እባክህ እንዳታደርገው» አለችኝ። «ስሜን ካዩት ከዚህ በኋላ አይጠሩኝም። በሚቀጥለው ወር ሁለት ቀረጻ አለኝ።»

ተከራከርኳት። አልተረታችም። እናቷም ሲኒውን እያቀረበች «ተዋት ልጄ» አለችኝ።

ስለዚህ ክሊፑን ስታዩት ከግራ ሦስተኛዋ ናት።