ማን ለካው?

ጠዋት 1፡30 ላይ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ሚኒባሶቹ ሞተር ሳያጠፉ ተደርድረዋል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ እኛ አፍንጫችንን በነጠላም በሻርፕም ሸፍነን እንጠብቃለን። የምንሸሸው ጥቁሩን ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። እንዲያውም ጥቁር ጭስ ከሚተፋው ናፍጣ ይልቅ ጭሱ የማይታየው አሮጌ የቤንዚን መኪና የባሰ ይለቃል። ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደን ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው፤ ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል።

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ በዚሁ ጉዳይ አንድ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ምንጬ ምህንድስና የሚማር ጓደኛዬ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ መንገዱን በቀይና በቢጫ ቀለም አሳየኝ። እኔም «በአካባቢው ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ይህን ያህል ነው» ብዬ ጻፍኩ። የአንድ ሰዓቱን ቁጥር ወስጄ የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት ካስቀመጠው 4 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ጋር አወዳደርኩና «ከእጥፍ በላይ» አልኩ። ለአንድ ሰዓት የተቀመጠው ወሰን እኮ 35 ነው! ጓደኛዬ አንብቦ ሳቀብኝ። «ለመሆኑ ማን ለካው?» አለኝ። ማንም አልለካውም። ማርኬ ግን ጥሩ ነበር፤ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሊፎርኒያ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካላይን 4 የተባለ ሞዴል መንገዱን ይቆራርጥና፣ በሰዓት ስንት መኪና ያልፋል፣ አንዱ መኪና ስንት ግራም ይለቃል፣ ነፋሱ ከየት በምን ፍጥነት ይነፍሳል ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ጋዙ የት ቦታ ምን ያህል እንደሚደርስ ያሰላል። የግራሙ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር መኪኖች የተወሰደ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ነዳጁን በቅጡ ሳያቃጥል ጋዙን ያበዛዋል። ነፋሱስ? ሞዴሉ በነፋስ ፍጥነት ያካፍላል። የታኅሣሥ ጠዋት ነፋስ ቀጥ ሲል መልሱ አይታመንም። አየሩ የሚታፈነው ደግሞ ያኔ ነው።

ሞዴል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ገና ባልተሠራ መንገድ ላይ መለኪያ አይተከልም፤ አደባባይ በመብራት ቢተካ ምን ይመጣል የሚለውን አስቀድሞ የሚነግረን ስሌት ብቻ ነው። የኔ ጠብ ከእኛ ጋር ነው። «ጥናት አረጋገጠ» ለማለት እንቸኩላለን። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ ሲባል «አየሩ ሊጸዳ ነው» ያልነው እኛው ነን። ቀድመው የገቡት የት ሄዱ? ዛሬም እፊታችን ያጨሳሉ። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ዲፓርትመንታችን ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ የምህንድስና ሰው ጠርቶ «ይሄ ቁጥር ተለካ ወይስ ተሰላ?» ብለን መጠየቅ ያስተምረን።

ጓደኛዬ የነገረኝ አንድ ነገር አሁንም አልወጣልኝም። እንዲህ ዓይነት ስሌት ላይ ሰው የሚተነፍስበት ከፍታ ብዙ ጊዜ 1 ሜትር ከ80 ተብሎ ይሞላል። ሜክሲኮ ታክሲ መያዣው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጫማ የሚጠርገው ልጅ አፍንጫ ከጭስ ማውጫው እኩል ነው።