ቅጠሉ ይመሰክራል፤ ግን በማን ላይ?

ዲ.ኤን.ኤ. ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሰው ደም ነው። ዕፀዋትም ግን የዘር ምልክት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ፣ በአሪዞና፣ አንዲት ሴት ተገድላ በተገኘች ጊዜ በተጠርጣሪው መኪና ላይ ሁለት የፓሎ ቬርዴ ዛፍ ፍሬዎች ተገኙ። ሲመረመሩ አስከሬኑ አጠገብ ከነበረው ዛፍ ጋር ገጠሙ፤ ከሌሎቹ ዛፎች ጋር ግን አልገጠሙም። ፍርድ ቤቱም ማስረጃውን ተቀበለ።

ታዲያ ይኸው ዘዴ እንደ ሐሺሽ ላለው የተከለከለ ዕፅ አይሠራም ወይ? ይሠራል እንጂ! ደርቆ የተፈጨ ቅጠል በዓይን ባይለይም በዲ.ኤን.ኤ. ምልክቱ ሐሺሽ መሆኑ ይታወቃል። ችግሩ ወዲህ ነው። የበረሃው ዛፍ ከዘር ስለሚበቅል እያንዳንዱ የየራሱ ምልክት አለው። ሐሺሽ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ሸንኮራ አገዳ በቁራጭ ይተከላል፤ ከአንድ ተክል የተቆረጡት ሁሉ ምልክታቸው አንድ ነው። ቁራጩ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለዚህ በሁለት ሰዎች እጅ የተገኘው ቅጠል አንድ ዓይነት ምልክት ቢኖረው፣ ሰዎቹ ግብረ አበሮች ናቸው ማለት አይቻልም።

እኛ ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምር ሰዎች ነን። «ሳይንስ አረጋግጧል» ብለን ብቻ ብናልፍ፣ ተማሪያችን ፖሊስ ወይም ዳኛ በሆነ ጊዜ አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ሊታሰር ይችላል። ምርመራው የሚነግረን ተክሉን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ዘዴውን ስናስተምር ወሰኑንም አብረን እናስተምር!